ጊልድ ምንድን ነው? ጨዋታው ሳይወጣ የሚቋቋመው ማኅበር

እናቴ የዕቁብ ዳኛ ናት። በየአስራ አምስት ቀኑ እሁድ ከሰዓት ሴቶቹ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ብር ይቆጠራል፣ እጣ ይወጣል። ከእነዚህ እሁዶች በአንዱ እኔ ጓዳ ገብቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እየተጫወትኩ ነበር። ለካ ጮኬያለሁ። «ሞትኩ! ሞትኩ እኮ! ምን ታያላችሁ፣ አንሱኝ እንጂ!»

በሩ ተበርግዶ አምስት ሴቶች ገቡ። አንዷ ውሃ ይዛለች።

ነገሩ ሲጣራ እናቴ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደግሞ ጠየቀች። «ለመሆኑ ማንን ነው አንሱኝ የምትለው?» ጊልዴን አልኳት። «ጊልድ ደግሞ ምንድን ነው?» ሰላሳ ገደማ ሰዎች ነን፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንገናኛለን፣ ሁሉም የአቅሙን ያዋጣል፣ የተገኘውን በተራ እንካፈላለን አልኳት። ሲኒውን አስቀመጠችና «ታዲያ ዕቁብ ነዋ! ዳኛው ማነው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጊልድ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ የምመልስለት በእናቴ መልስ ነው። ቃሉም ራሱ ያግዘኛል። ጊልድ ከድሮ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ስሩ «ክፍያ» ወይም «መዋጮ» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሸማኔው፣ አናጺው፣ ነጋዴው በየሙያው ያቋቋመው ማኅበር በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ጨዋታዎቹ ስሙን የወሰዱት ከዚያ ነው።

የምን ጨዋታዎች? ኤምኤምኦአርፒጂ የሚባሉት። በአማርኛ ላፍታታው፦ ብዙ ሺህ ሰው በኢንተርኔት አንድ ዓለም ውስጥ የሚገባበት፣ እያንዳንዱም የራሱን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ከምንም ተነስቶ የሚያሳድግበት ጨዋታ ነው። ፐብጂ የለመደ ሰው ልዩነቱ ቶሎ አይገባውም። ፐብጂ ግማሽ ሰዓት ተዋግተህ ያልቃል፤ ቀጣዩን ሁሉም ከባዶ እጅ ይጀምራል። እዚህ ግን ዓለሙ አያልቅም። አንተ ስትተኛ ገበያው ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል።

ዘሩም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትሩብሾው እና ሪቻርድ ባርትል የሰሩት ሙድ የሚባል ጨዋታ ምስል የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነበር። በ1997 አልቲማ ኦንላይን ወጣ፣ በ1999 ኤቨርክዌስት፣ በ2004 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት። ይህ የመጨረሻው በ2010 እየከፈሉ የሚጫወቱ 12 ሚሊዮን ተጫዋቾች ደርሶ ነበር።

ጊልድ ለምን አስፈለገ? ብቻህን የማትችለው ነገር ሆን ተብሎ ስለተሰራ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ብቻውን ነው የገደለው፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በወጣበት ዘመን ግን ኦኒክሲያ የምትባለውን ዘንዶ ለመግደል የተፈቀደው ሰው ቁጥር 40 ነበር። አርባ ሰው በአንድ ሰዓት ለመሰብሰብ የሞከረ ያውቀዋል። ሰርግ ማዘጋጀት ይቀላል።

ስራው ይከፋፈላል። አንዱ ታንክ ነው፤ ጋሻ ጃግሬ በሉት። ፊት ቆሞ ዱላውን ሁሉ ይቀበላል። ሌላው ሂለር ነው፤ የሰውን ቁስል እያየ ያክማል። የቀሩት ደግሞ አጥቂዎች ናቸው። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የአምስት ሰው ቡድን አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለርና ሦስት አጥቂ ይይዛል። ሁሉም ሰው አጥቂ መሆን ይፈልጋል። ሂለር መሆን የሚፈልግ የለም፤ ሰው ሲድን ምስጋናው ለታንኩ፣ ሰው ሲሞት ወቀሳው ለሂለሩ ነውና።

(ስለ ሂለር ካነሳን አይቀር። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ከአንድ አለቃ ጭራቅ የሚተላለፍ በሽታ በስህተት ከታሰበለት ቦታ አምልጦ ከተማ ገባ። ደካማ ገጸ ባሕርያት እንደ ቅጠል ረገፉ። ማከም የሚችሉ አንዳንድ ተጫዋቾች ማንም ሳያዛቸው ወደ ከተማ ሮጠው ሰው ማዳን ያዙ። ሌሎች ደግሞ አውቀው በሽታውን ሲያዛምቱ ዋሉ። የወረርሽኝ ተመራማሪዎች ነገሩን አጥንተው በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈውበታል። ጎንደር ውስጥ የጤና ተማሪ ጓደኛ ካላችሁ አንሱበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ያወራችኋል።)

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ፤ ማካፈል። ዘንዶው ሞተ እንበል። የጣለው አንድ ጥሩ ሰይፍ ነው፤ የገደላችሁት ግን አርባ ናችሁ። ለማን ይሰጥ?

ቀላሉ መንገድ እጣ ነው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 100 ቁጥር ያወጣል፣ ትልቅ ያወጣው ይወስዳል። ችግሩ ትናንት የገባ ሰው ስድስት ወር የለፋውን ቀድሞ ይወስዳል። የኤቨርክዌስት ተጫዋቾች ለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠሩ፤ ዲኬፒ ይባላል፣ ትርጉሙም የዘንዶ መግደያ ነጥብ ነው። የጨዋታው ኩባንያ የሰራው አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ደብተር ከፍተው የጀመሩት ነው። በመጣህ ቁጥር ነጥብ ይጻፍልሃል፤ ሰይፉ ሲወድቅ በነጥብህ ትጫረታለህ፤ ያወጣኸው ነጥብ ይቀነስብሃል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጸሐፊያችሁ ጎበዝ ነው» አለች። እውነትም ጥሩ ጊልድ ማለት ጥሩ ጸሐፊ ያለው ጊልድ ነው። ብዙ ጊልድ የፈረሰው በጭራቅ ብዛት ሳይሆን በሉት ክፍፍል ነው። ሉት የሚሉት ያን የወደቀውን ዕቃ ነው።

መዋጮ ሲረሳስ? እዚህ ላይ የምወደው ታሪክ አለ። ኢቭ ኦንላይን የሚባል የጠፈር ጨዋታ ውስጥ ማኅበራቱ ግዛት ይይዛሉ፣ ለያዙትም በጨዋታው ገንዘብ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አንድ ትልቅ ጥምረት የአንድ ግዛቱን ክፍያ ሳይከፍል ቀኑ አለፈ። በቃ፣ ቦታው ባለቤት አጣ። ጠላት ይህን ሲያይ ሰተት ብሎ ገባ። 21 ሰዓት ገደማ ውጊያ ሆነ፤ ከ7,500 በላይ ሰው ተሳተፈ። 75 ታይታን የሚባሉ ግዙፍ መርከቦች ወደሙ። የጠፋው ንብረት በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመን 300,000 ዶላር ገደማ ነው ተባለ። ዕቁቡን በቀኑ ያልከፈለ ሰው ምን እንደሚያስከትል ለእናቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እሺ፤ አሁን የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ይኸውና። አንድ አዲስ ጨዋታ ሊወጣ ነው፣ ማስታወቂያውን አይታችኋል፣ ከየት ትጀምሩ?

እኔን ከሰማችሁኝ፣ ከጊልዱ ጀምሩ። ነገሩ ግራ ይመስላል፤ ጨዋታው ገና ሳይወጣ ምን ማኅበር አለ? አለ። ጨዋታ ከመውጣቱ በፊት በአልፋና በቤታ ያልፋል። አልፋ ማለት ቤቱ ገና ጣሪያ ሳይመታ መግባት ነው፤ ግድግዳው ሲወድቅብህ አትቆጣም፣ «ወደቀ» ብለህ ትናገራለህ። ቤታ ደግሞ ቤቱ አልቆ ቀለም ሲቀረው ነው። የሚጋበዘው ሰው ጨዋታውን ይሞክራል፣ ስህተት ያመለክታል፣ ሰርቨሩ (ጨዋታው የሚኖርበት ኮምፒውተር) ስንት ሰው እንደሚችል ይፈተናል።

ከዚያ ዋይፕ ይመጣል። ዋይፕ ማለት ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ነው። በቤታ ያሳደግከው ገጸ ባሕርይ፣ ያጠራቀምከው ወርቅ፣ የሰራኸው ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው በይፋ ሊከፈት ሲል ሁሉም ይደመሰሳል። የመጀመሪያ ዋይፕ የደረሰብኝ ቀን እራት አልበላሁም። የማይደመሰሰው አብሮህ የነበረው ሰው ነው። ሌሊት አብሮህ የሞተ፣ ስምህን የሚያውቅ፣ መቼ እንደምትቆጣ የሚያውቅ። ጨዋታው በይፋ በተከፈተበት ቀን አዲስ ሰው መንገድ ሲጠይቅ እነዚህ ተሰልፈው ይገባሉ። ቤታ ላይ የሚጠራቀመው ንብረት ይኸው ነው።

ጊልዶቹ የሚገኙት ዲስኮርድ ላይ ነው፤ ተጫዋቾች በጽሑፍና በድምጽ የሚያወሩበት መተግበሪያ ነው። አብዛኛው አዲስ ጨዋታ የራሱ የዲስኮርድ ቤት አለው፤ ውስጡ ጊልዶች ሰው የሚፈልጉበት ክፍል አለ። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ጥቂት ቀን አንብቡ። ማን ለአዲስ ሰው በትዕግስት ይመልሳል? ማን ይሳደባል? ስድቡ ዛሬ ለሌላ ሰው ነው፤ ነገ ለእናንተ ነው። ከወደዳችኋቸው ማመልከቻ ይሞላል፤ ስንት ሰዓት ትገባለህ፣ ታንክ ነህ ሂለር፣ የሚያውቅህ ሰው አለ ወይ ይላችኋል። ይህ የመጨረሻው ዋስ መጥራት ነው። ዋስ ከሌላችሁ በሙከራ ያስገቧችኋል። አትቀየሙ፤ እናቴም የማታውቀውን ሰው ያለ ዋስ አታስገባም።

ስለ ሰዓት ግን ልምከራችሁ፤ እኔ ተዋርጄበታለሁ። የገባሁበት ጊልድ አውሮፓውያን የሚበዙበት ነበር። «ዛሬ ማታ 8» ብለው ጻፉ። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መስሎኝ ደወል ሞልቼ ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ማንም የለም። እነሱ ያሉት 8 በእነሱ አቆጣጠር ነበር፤ በክረምታቸው ያ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ጨርሰው ተኝተዋል። ለጸሐፊው ኢትዮጵያ ውስጥ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው ብዬ ጻፍኩለት። ሰውዬው እስከዛሬ አላመነኝም። በበጋቸው ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ የእኛ 4 ወደ 3 ይመጣል። እና ሁልጊዜ «በሰርቨሩ ሰዓት ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ፒንግ ነው። የነካችሁት ቁልፍ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ። ከጎንደር ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ። የእኛ መስመር ግን ባሕር ስለሌለን መጀመሪያ በጎረቤት አገር ያልፋል፣ ከዚያ ይዞራል፤ እኔ ጋ 180 ሲያሳይ ደህና ቀን ነው እላለሁ። በዚህ ፒንግ አነጣጥሮ መተኮስ ያናድዳል፤ እዚህ አይነት ጨዋታ ላይ ግን በተለይ ለሂለር ይቻላል። ገና ስትቀላቀሉ ፒንጋችሁን ለአለቃው ንገሩት፤ ቢያንስ ሰው በሞተ ቁጥር ምክንያቱን አይጠይቃችሁም።

ስለ ብር አንድ ነገር ብቻ። ገና ላልወጣ ጨዋታ «የመስራች ፓኬጅ» እያሉ በዶላር ይሸጣሉ። ጨዋታው ላይወጣም ይችላል፤ እኔ አልገዛም። የቤታ ቁልፍ (የመግቢያ ኮድ) እሸጣለሁ ብሎ በቴሌግራም የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ሌባ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የጊልድ አለቃም የለም።

እኛ አሁን አምስት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ጎንደር፣ ጃንተከል አጠገብ አንዲት ካፌ ውስጥ እንገናኛለን፤ ማኪያቶ አዘን ዋይፋዩን እናሟጥጣለን፤ አስተናጋጇ ታውቀናለች። የምንጠብቀው ጨዋታ ቤታው ገና ነው፤ እኛ ግን ስም አውጥተናል፣ ደብተር ከፍተናል፣ ሉት በዲኬፒ እንዲሆን በድምጽ ወስነናል። ታንኩ አዘዞ የሚኖር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ፊት መቆም ለምዷል። ሦስቱ አጥቂዎች ነን ብለዋል። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊም እንደምታውቁት ያጠቃል እንጂ አያክምም።

ሂለር የለንም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጀምሮ ጤና መኮንንና ነርስ፣ ኋላም ሐኪም፣ ለአገር ስታወጣ በኖረች ከተማ፣ አንድ ሂለር አጥተን ሁለት ወር ሆነን። ማታ የሚገባ፣ የማይቆጣ፣ ዋስ ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት። በእኛ 9።