ስለ ረቢ ሂርሽ የሚባለውና እውነታው

ረቢ ሳምሶን ራፋኤል ሂርሽ ሲነሱ የሚባለው ግማሹ ልክ አይደለም። ሀምቡርግ ውስጥ 1808 ተወልደው ፍራንክፈርት ላይ 1888 ያረፉ ጀርመናዊ ረቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው)።

«ወግ አጥባቂ ስለሆኑ ዘመናዊ ትምህርት ይጠሉ ነበር» ይባላል። ኧረ በጭራሽ! ዲግሪ ሳይዙ ቢወጡም ቦን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፣ 1853 ፍራንክፈርት ላይ የከፈቱት ትምህርት ቤትም ከኦሪቱ ጋር ጀርመንኛውንም ሂሳቡንም ያስተምር ነበር፣ ሴት ልጆችንም ጭምር።

«ለውጥ ፈላጊዎቹን (የአይሁድን እምነት ከዘመኑ ጋር እናስማማ የሚሉትን) ገና ከጅምሩ አይወዷቸውም ነበር» የሚለውም አያስኬድም፣ የለውጡ መሪ የሆነው አብርሃም ጋይገር እኮ ቦን ላይ ጓደኛቸው ነበር፣ አብረው ስብከት የሚለማመዱበት ማህበር ሁሉ ነበራቸው፣ የተቃቃሩት በኋላ ነው። ኦልደንቡርግ ረቢ ሆነው እያሉ ደግሞ ሂርሽ ራሳቸው የስርየት ቀን ዋዜማ ላይ የሚባለውን ኮል ኒድሬ የተባለ ጸሎት አስቀርተው ያውቃሉ፣ ይሄን ብዙ ሰው አይሰማም።

«ኦርቶዶክሱ በሙሉ ተከተላቸው» የሚለውም ልክ አይደለም (የአይሁዱን ማለቴ ነው፣ የኛን አይደለም)። 1876 የጀርመኗ ፕሩሺያ አንድ አይሁዳዊ ሃይማኖቱን ሳይለቅ ከከተማው የአይሁድ ማህበር እንዲወጣ የሚፈቅድ ህግ ስታወጣ እሳቸው ለውጥ ፈላጊዎቹ ከሚመሩት ማህበር «ውጡ» አሉ። የቩርትስቡርጉ ረቢ ባምበርገር፣ እሳቸውም ከባድ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ አልተስማሙም፣ ከራሳቸው ከሂርሽ ምእመናንም ብዙዎቹ አልወጡም።

አሁን እኔ ወደምወደው ልምጣ። «የኦሪት ትርጓሜያቸው ለዕብራይስጥ ሊቃውንት የተጻፈ ነው» የሚል አለ። የጻፉት በጀርመንኛ ነው፣ ከ1867 እስከ 1878፣ ዕብራይስጡ ለራቀው የከተማ አይሁድ እንዲገባ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 1 ላይ ሲደርሱ ግን ጀርመንኛው አነሳቸው። ጀርመኖቹ መሥዋዕትን የሚጠሩበት «ኦፕፈር» የሚለው ቃል አንድ ነገር አጥቶ መስጠትን ነው የሚያሳየው፣ ዕብራይስጡ «ቆርባን» ግን መቅረብ ከሚለው ሥር የመጣ ነው፣ ሰውዬው ወደ ፈጣሪው ይቀርባል እንጂ ምንም አያጣም ብለው ይሟገታሉ። ጀርመኑ ይሄን እንዲያይ ስንት ገጽ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፣ እኛ «ቁርባን አቀረበ» ስንል ሁለቱም ቃል ከዛው ሥር ነው ባይ!

የቃላት አመጣጥ ላይ ግን ሁሌ አይታመኑም፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ ፊደሎችን እያቀያየሩ ሥሮችን ያዛምዳሉ፣ የዛሬ የቋንቋ ምሁራን ብዙውን አይቀበሉትም። ቁርባን ላይ ግን ልክ ናቸው።