ሙዚየም ማለት ምንድነው? መንግስትስ ምን አገባው?

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን በመስታወት ውስጥ የተደረደረ አሮጌ ዕቃ፣ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ጽሁፍ እና ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ተሰልፈን የገባንበት ቀን ነው። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። አይኮም የሚባለው የዓለም ሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ባፀደቀው ትርጉም ሙዚየም ማለት ለትርፍ ያልቆመ፣ ህብረተሰቡን የሚያገለግል ቋሚ ተቋም ሆኖ ቅርስ የሚያጠና፣ የሚሰበስብ፣ የሚጠብቅ፣ የሚያብራራና ለእይታ የሚያቀርብ ነው። ለእይታ ማቅረቡ የመጣው መጨረሻ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ ከድንቅነሽ ጋር ፎቶ ተነስታችሁ ከሆነ የተነሳችሁት ከቅጂዋ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር፣ ሀዳር ላይ የተገኘው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቱ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። ሰው ይሄን ሲሰማ "ተሸወድን" ይላል፣ እኔ ግን ሙዚየም ስራውን ሰራ የሚባለው እንደውም እንዲህ ሲያደርግ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዋናዋ አሜሪካ ስትሄድ ስሚዝሶኒያን (ብዙ ሙዚየሞችን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ተቋም) ራሱ "እንዲህ ያለ አጥንት ከቦታ ቦታ መዞር የለበትም" ከሚሉት ጋር ሆኖ አላሳይም ብሏል።

ለህብረተሰቡ ምን ይጠቅማል ለሚለው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግቡና ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ እዩት። ጣሊያኖች ናቸው የሰሩት፣ ፋሺስቶች ስልጣን ላይ የቆዩበትን ዓመት እየቆጠሩ አንድ አንድ ደረጃ፣ ወደየትም አያደርስም፣ ከነፃነት በኋላ ግን ማንም አላፈረሰውም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት በቃ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ደግሞ በቤተሰብና ከሞት በተረፉ ሰዎች ጥረት የቆመ ነው፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅምና ልብስ ታያላችሁ፣ ከሚያስጎበኙት ውስጥ ራሳቸው እስር ቤት የነበሩ አሉ። እዚያ ገብቶ ቀልድ የሚያወራ ሰው አላየሁም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የመግቢያ ትኬት ሙዚየም አያኖርም። ስሚዝሶኒያን ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የሚያገኘው ከአሜሪካ ፌደራል መንግስት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሔራዊ ሙዚየሞቿን ለህዝብ ነፃ ስታደርግ በጀት ብቻ አይደለም የሰጠችው፣ በነፃ የሚያስገቡት የከፈሉትን ቫት ተመላሽ እንዲያገኙ ህጉንም አስተካከለችላቸው። እኛጋ መንግስት የሚደግፈው ህንፃና በጀት በመስጠት እንዲሁም በህግ ነው (የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባለው)።

ችግሩ ያው መንግስት የትም ሀገር ህንፃ ይወዳል፣ ሪቫን ይቆረጣል፣ ቲቪ ይመጣል። አዲስ አበባ እንኳን በቅርቡ የሳይንስ ሙዚየም 2015 ላይ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ 2016 ላይ ተመርቀዋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ህንፃ በካፒታል በጀት አንዴ ተሰርቶ ያልቃል፣ ዕቃ መዝጋቢው፣ ጠጋኙ፣ የመጋዘኑ እርጥበት መቆጣጠሪያ ግን በየዓመቱ መደበኛ በጀት ይፈልጋሉ፣ እሱን ደግሞ ማንም አይመርቀውም። ብሪትሽ ሙዚየም እንኳ በስንት ሀብቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 2000 የሚጠጋ ዕቃ ተሰርቆብኛል፣ ጠፍቶብኛል ወይም ተበላሽቶብኛል ብሎ ዳይሬክተሩ ስራ ለቀቀ፣ አብዛኛው ዕቃ በደንብ ያልተመዘገበ ስለነበር እንደጎደለ ለማወቅም አስቸግሮ ነበር።

የመንግስት ህግ ሙዚየሙን የሚያስርበት ጊዜም አለ። ከመቅደላ የተዘረፉት 11 ታቦታት እዚያው ብሪትሽ ሙዚየም ናቸው፣ ለእይታ አይቀርቡም፣ የሙዚየሙ ሰራተኞችም አያዩዋቸውም። ይመለሱ ሲባል የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የእንግሊዝ አዋጅ ነው፣ ሙዚየሙ ከስብስቡ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ በስብስቡ ለመቆየት አይመጥንም የተባለን ዕቃ፣ ስብስቡን የሚያጠኑ ተማሪዎችን እስካልጎዳ ድረስ ማስወጣት ይቻላል የሚል አንቀፅ አለ፣ ታቦታቱ ይመለሱ የሚሉት ሰዎችም የሚከራከሩት በሱ ነው።