የግጥም ምጣኔ፦ ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው የሚቆጠረው

እንግዲህ ይሄ ጥያቄ እዚህ ግሩፕ ላይ ስንቴ እንደተመላለሰ፤ «ግጥሜ ቤት ይመታል፣ ግን ሲነበብ ይሰበራል፣ ፊደሉን ብቆጥረውም አልገባኝም» የምትሉ ሰዎች፣ ችግሩ እዛው አቆጣጠሩ ላይ ነው። ቤት መምታት የመጨረሻዋ ፊደል ጉዳይ ነው። ምጣኔ፣ የስንኙ ርዝመት ልክ ማለት ነው፣ ሌላ ነው፣ እሱ የሚቆጠረው በቀለም ነው፣ ማለትም አፍ ላይ ለብቻው በሚሰማ ድምፅ።

ይሄን አሁን ለምሳሌ ያህል የገጠምኩትን እዩት፦

ክረምት አለፈና / መስከረም ሲጠባ
ሜዳው ተሸፈነ / በቢጫው አበባ

በፊደል ከቆጠራችሁ የላይኛው 16፣ የታችኛው 14 ነው፣ የተዛባ ይመስላል። ጮክ ብላችሁ በሉት እስቲ፦ መስ-ከ-ረም-ሲ-ጠ-ባ፣ 6። ሳድሶቹ ስ እና ም ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ተደግፈው አለፉ። ክ-ረም-ታ-ለ-ፈ-ናም 6 ነው፣ ት ከ«አ» ጋር ተጋጥማ «ታ» ሆነች። የክረምት ክ ግን ሳድስ ብትሆንም ለብቻዋ ስለምትሰማ ትቆጠራለች፣ ብዙ ሰው የሚስታት እዚች ጋ ነው!

የታችኛውም ስንኝ እንዲሁ ነው፣ ከጭረቷ (/) በፊት 6፣ ከኋላ 6። እንዲህ 6 በ6 የሚሄደው የወል ቤት ይባላል፣ 5 በ5 ሰንጎ መገን፣ 4 በ4 ቡሄ በሉ። እስከዚህ ያለው የታወቀ ነው። የሚለያየው ሁለት አናባቢ ሲገጥም ነው፦ «በቢጫ አበባ» ብል አንዱ 6 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ውጦ 5 ያደርገዋል፣ እኔ ለዛ ነው «ው» የጨመርኩት። ስሜቱን ደግሞ ከቁጥሩ ብቻ አትፈልጉት፣ በወል ቤት ሙሾም ይወጣል ፉከራም ይፎከራል።