ሉዝ ኮንታክት ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ሉዝ ኮንታክት ነው» ካላችሁ፣ ሽቦው የታሰረበት ቦታ ላልቷል ማለቱ ነው። አልተበጠሰም፤ በደንብ አልተያዘም እንጂ። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ከሾርት ይልቅ እሱን እፈራዋለሁ። ሾርት ሲፈጠር፣ ማለትም ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ፣ ብሬከሩ ቷ ብሎ ይወርዳል፣ አለቀ። የላላ ሽቦ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያቃጥለው።

ሽቦው ብሎኑን እንደ ነገሩ ከነካ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ ማለፍ ያለው እንቅፋት፣ ይጨምራል፤ ቦታው ይግላል። 220 ቮልት ላይ ባለ 2000 ዋት ምድጃ 9 አምፒር ገደማ ይስባል። የላላው ቦታ ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 40 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡት በዚህን ያህል ሙቀት ነው! 16 አምፒር ብሬከር ደግሞ 9 አምፒር ሲያልፍበት ሁሉ ሰላም ይመስለዋል። አይወርድም።

ጀማሪ ሳለሁ አንዴ ጉድ ሊሠራኝ ነበር። ምድጃው ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው እምቢ ይላል። ሶኬቱን በቴስተር ነካሁት፤ በራ። ፌዝ የምንለው ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ ነው። «ፌዝ አለ፣ ምድጃው ነው የተበላሸው» ብዬ ልወጣ ስል፣ ምድጃው እንደተሰካ ከጎኑ ያለውን ባዶ ሶኬት ሞከርኩ። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ቴስተሩን ማብራት ሲገባው፣ ሁለቱም ያበራል! ኒውትራሉ፣ ማለትም መመለሻው ሽቦ፣ ተቋርጦ ፌዙ በምድጃው በኩል ዞሮ እየመጣ ነበር። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ሶኬቱን ስፈታ፣ የኒውትራሉ ብሎን የጨበጠው መዳቡን ሳይሆን የሽቦውን ፕላስቲክ ነው። ያሰረው ሰው ሽቦውን በደንብ አልላጠውም። ጫፏ ጠቁራ ነበር፤ በጣቴ ሳብ ባደርጋት ወጣች።

መብራት ብልጭ ድርግም ማለት፣ ከማብሪያው የሚሰማ ጥዝዝታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ቡኒ የሆነ የሶኬት ፊት፣ ሁሉም ወደዚሁ ያመለክታሉ።

ብዙ ሰው ብሎኑን ጠበቅ አድርጎ ይተወዋል። አይበቃም። የጠቆረው መዳብ ተቆርጦ አዲስ ጫፍ መላጥ አለበት፤ ሶኬቱም ከቀለጠ ይቀየር። በናስትሮ ጠምዝዞ መሸፈኑንማ ባናነሳው ይሻላል። እኔ ካሰርኩ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አደርጋለሁ። ከዚያ ምድጃውን ግማሽ ሰዓት አብርቼ፣ መዳፌን የሶኬቱ ፊት ላይ አሳርፋለሁ። ከጋለ እንደገና እፈታዋለሁ።