“ሞንታርቦ ጨምርበት” እና ሌሎች የአዳራሽ ድምፅ ተረቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ለሰርግም ለስብሰባም ድምፅ እዘረጋለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። የሚያሰለቸኝ አንድ ነገር ነው። የሙሽራው አባት ምርቃት ሲጀምሩ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምንም አይገባውም። ወዲያው አንዱ አጎት እየተጣደፈ ወደ ሚክሰሩ ይመጣል። “አቦ፣ ጨምርበት እንጂ! ምን እንደሚሉ አይሰማም።” ከዚያ የሚከተለውም ይታወቃል፤ ዕቃው አሮጌ ነው፣ ሞንታርቦው አነሰ፣ ልጁ ሥራ አይችልም። አዳራሹን የሚጠረጥር ሰው ግን አይገኝም።

<b>“ድምፁ ካልተሰማ ሞንታርቦ ጨምር”</b>

የተረቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከኋላ ያለው ሰው ምርቃቱ ያልገባው ድምፅ አንሶት አይደለም። ድምፅማ ሞልቷል። ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ አንዴ በቀጥታ ጆሮው ይደርሳል። ያው ድምፅ ደግሞ ከወለሉ፣ ከመስታወቱ፣ ከተለሰነው ግድግዳና ከኮርኒሱ እየነጠረ ደጋግሞ ይመጣል። የወለል ሴራሚክ ከሚመታው ድምፅ የሚውጠው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ቀሪውን መልሶ ይወረውረዋል። ሰው ሲናገር በሰከንድ አራት አምስት ክፍለ ቃል ያወጣል። የመጀመሪያው ሳይሞት አሥረኛው ከደረሰበት ምን ይሰማል? ጫጫታ።

እሺ፣ ጨምር ካልከኝ ልጨምር። በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ከፍ ይላል። ነጥሮ የሚመጣውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ንቅንቅ አይልም። የአምፕሊፋየሩን ጉልበት እጥፍ ብታደርገው እንኳ የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ልብ ብሎ ያልሰማ ሰው አይለየውም። ለጆሮ እጥፍ የጮኸ እንዲመስል ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ መድረስ አለበት። እዚያ ሳትደርስ ማይኩ ማፏጨት ይጀምራል። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ጆሯቸውን ይይዛሉ። ከኋላ ያለው አሁንም ምንም አልገባውም።

ቁጥር ለሚወድ ይኸው። 30 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ስፋት፣ 5 ሜትር ከፍታ ያለው አዳራሽ እንውሰድ። ይዘቱ 2250 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ፣ ግድግዳውና ኮርኒሱ ሲደመር 1350 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁሉም ጠንካራና ልሙጥ ሆኖ በአማካይ 3 በመቶ ይውጣል እንበል። ይዘቱን 0.161 በሚባል ቋሚ ቁጥር አባዝተህ፣ ክፍሉ በሚውጠው መጠን፣ ማለትም የ1350 3 በመቶ በሆነው በ40.5 ታካፍለዋለህ። ውጤቱ 9 ሰከንድ ገደማ ነው። አንዴ ስታጨበጭብ ድምፁ ሞቶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ለንግግር የሚፈለገው 1 ሰከንድ አካባቢ፣ ቢቻል ከዚያም በታች ነው።

አሁን ኮርኒሱን ብቻ ከሚመታው ድምፅ 70 በመቶ በሚውጥ ነገር ሸፍነው። ባዶው አዳራሽ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። አንድም ሞንታርቦ አልተጨመረም።

ይህን ሒሳብ ያወጣው ዋላስ ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ የሚናገረው የማይሰማበት አዲስ የትምህርት አዳራሽ ነበረው። ድምፁ ሳይሞት ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ ይደረድራል። የኦርጋን ቱቦ ያስጮሃል። ድምፁ እስኪጠፋ ሰዓት ይይዛል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይሞታል። በዚሁ እውቀት የተሠራው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በ1900 ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ከዓለም ምርጦቹ ተርታ ይጠራል። ሰውዬው የጨመረው ትራስ ነው። ሞንታርቦማ ገና አልተፈጠረም።

እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ የአዳራሽ ባለቤት በዚሁ ነገር ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። በየጊዜው ትልልቅ ዕቃ ይገዛሉ፤ እንግዳው በየጊዜው ያማርራል። “ጋሼ፣ የኋላውን ግድግዳ መጋረጃ ያልብሱት” ስላቸው የቤት ሠራተኛ ምክር የሰጠኋቸው ይመስል ሳቁብኝ። በኋላ ለጌጥ ብለው ወፍራም ከፋይ ሰቀሉ። “አዲሱ ማሽን ሠራ” ብለው የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ምን ይባላል?

የኋላ ግድግዳ ቀላል ነገር አይደለም። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.17 ሰከንድ ይፈጃል። ከ0.05 ሰከንድ በላይ የዘገየና ጠንከር ያለ ነጸብራቅ ደግሞ ጆሮ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ይቆጥረዋል። መድረክ ላይ ያለው ተናጋሪ የራሱ ቃል ተመልሶ አፉ ላይ የሚደፋው ለዚህ ነው። መጋረጃው እንዲሠራ ወፍራም ይሁን፤ ተወጥሮ ሳይሆን ተሸብሽቦ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይሰቀል። ስስ አቡጀዲ ለዓይን ነው።

የግድ ሞንታርቦ ካልጨመርኩ አልተኛም የምትል ደግሞ ትንንሾቹን ግዛ። ግራና ቀኝ፣ ለሰው ቀረብ፣ ወደ ታች ዘንበል አድርገህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ በታትናቸው። የኋለኞቹም ከፊት የሚመጣውን ድምፅ እንዲጠብቁ በሚክሰሩ ይዘግዩ። ሁለት ግዙፎችን መድረክ ላይ ገትሮ የኋላ ግድግዳውን መደብደብ ይቅር።

<b>“የእንቁላል ካርቶን ድምፅ ያፍናል”</b>

ድሬም ሐረርም ስቱዲዮ የከፈተ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰበስበው ይህንን ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ ይላል። ወንድሜ፣ ክፍል ውስጥ የሚነጥረውን ድምፅ መዋጥ አንድ ሥራ ነው፤ ድምፅ እንዳያልፍ ማገድ ሌላ ሥራ ነው። የሚያግደው ክብደት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ በር፣ የተደፈነ ቀዳዳ። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት የግድግዳውን አንድ በመቶ ካከለ፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ አያግድልህም። ስለዚህ መጀመሪያ ለበሩ ጎማ ግዛለት።

ለመዋጥስ? ካርቶኑ ቀጫጭኑን ድምፅ ትንሽ ይነካካል። የ100 ኸርዝ ቤዝ ግን አንድ ሞገዱ ብቻ 3 ሜትር ተኩል ነው። በጥቂት ሴንቲሜትር ካርቶን ልታስቆመው? ውጤቱ ቤዙ የሚያጓራበት፣ ከላይ የታፈነ ክፍል ነው። በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። ተራ ስፖንጅም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ የመድረክ ርችት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል። እኛ ሙሽራ በእሳት ፏፏቴ መሃል ካላስገባን ሰርግ የማይመስለን ሰዎች ይህንን ብናስብበት ደግ ነው።

<b>“እንጨት ከሆነ ድምፁ ያምራል”</b>

ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተመታ ወፍራም እንጨት እንደ ልስን ይመልሳል። ስስ ሆኖ ከጀርባው ክፍተት ካለ ደግሞ ቤዙን ይበላል። ማማሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

<b>“የድሬ ሙቀት ድምፅ ያበላሻል”</b>

አዳራሽ ውስጥ ሙቀቱ ምንም አይልም። የሚያበላሸው የሚንጓጓው ቬንትሌተርና በተከፈተው መስኮት የሚገባው ባጃጅ ነው።

<b>“የፕላስቲክ አበባው ድምፅ ይውጣል”</b>

ለፎቶ ነው።

<b>“ዶም ካለው ድምፁ ግርማ ያገኛል”</b>

ወደ ውስጥ የጎደጎደ ጣሪያ ድምፅን ሰብስቦ አንድ ቦታ ይጥላል። አንዱ ወንበር ላይ ይጮኻል፣ ጎኑ ያለው ላይ ይጠፋል። የለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1871 ሲከፈት የገደል ማሚቶ ነበረው። መላ የተገኘለት በ1969 ነው፤ እንጉዳይ የሚመስሉ የፋይበርግላስ ሳህኖች ከጣሪያው ሥር ተንጠለጠሉ። የቤት ፕላን የያዘ ዘመድ ያላችሁ፣ ሳይረፍድ ንገሩት።

<b>“ጥሩ አዳራሽ ለሁሉም ይሆናል”</b>

አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሬዳዊው ዜማ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ድምፁ ረዘም ሲል ያምርባቸዋል። እዚያው ቦታ ሰባኪው ቶሎ ቶሎ ሲናገር ቃሉ አይያዝም። የኦርኬስትራ አዳራሽ 2 ሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል፤ ያንኑ ለስብሰባ ብትሰጠው ያሰለቻል። ለምን እንደምትሠራው ሳትወስን አትሥራ።

<b>“የድሮ ሰው ስለዚህ ምን ያውቃል?”</b>

ጀጎል ውስጥ አንድ ነባር የሐረሪ ቤት ግቡና ተነጋገሩ። ወለሉ አንድ ወጥ ሜዳ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ የሚል ነደባ ነው። ነደባው ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሯል። ግድግዳው ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዳዎች አሉ፤ ስፌቱና ሳህኑ በላዩ ተሰቅሏል። ምንጣፉ ይውጣል፤ ጎድጓዳውና ስፌቱ ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትናል። ትልቅ ሰው ዝግ ብሎ ሲናገር ጥግ ያለውም ይሰማል። ማንም ለድምፅ ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ግን ይሠራል። ያው ቤተሰብ ድሬ ላይ አዲስ ቤት ሲሠራ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ መስታወት ይገጥማል፣ ሳሎኑን ባዶ ይተወዋል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አይሰማም ብሎ ሳውንድ ባር ይገዛል።

<b>“ሲሞላ ይስተካከላል”</b>

ግማሽ እውነት ነው፤ ባለ አዳራሾችም የሚወዱት ለዚህ ነው። ሰውና ልብሱ ጥሩ ድምፅ ዋጭ ነው። ያ የ9 ሰከንድ አዳራሽ 300 ሰው ሲገባበት 2 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሰርጉ ላይ ግን ሰው በሰዓቱ አይመጣም፣ ምርቃቱ ሲጀመር ግማሹ ውጭ ነው፣ የገባውም ያወራል። 2 ሰከንዱም ቢሆን ለንግግር ረጅም ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ባዶውን አዳራሽ እዩት። መሃሉ ላይ ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ጓደኛችሁ መድረኩ ላይ ሆኖ ያለ ማይክ ስልኩ ላይ ያለ ማንኛውንም ጽሑፍ ያንብብ፤ እናንተ የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። ጭራሽ ካልገባችሁ ወይ ሌላ አዳራሽ ፈልጉ፣ ወይ መጋረጃና ምንጣፍ በውሉ ውስጥ ይግባ። ባለቤቱ “ሲሞላ ይስተካከላል” ካላችሁ ስንት ሰው ሲሞላ እንደሆነ ጠይቁት።