አክሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አውሮፕላን ማረፊያ

አክሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አውሮፕላን ማረፊያ በትግራይ ክልል ከአክሱም ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ዐድዋ አቅጣጫ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የአገር ውስጥ በረራ ማስተናገጃ ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ዘንድ የሚታወቅበት መለያ «ኤኤክስዩ» ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ተቀብተው ከነገሡት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ስሙ የንጉሠ ነገሥት ይሁን እንጂ ይዞታው መጠነኛ ነው፤ አንድ የመንገደኞች ማስተናገጃ ሕንፃና 2,400 ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ መንደርደሪያ አለው። የጣቢያው ታሪክ በአብዛኛው የዚሁ መንደርደሪያ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአዲስ አበባ እስከ አክሱም ያለው የየብስ መንገድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጎንደር በኩል የሚሄድ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ በሽሬ በኩል ይደርሳል፤ በደሴና በመቀሌ በኩል የሚመጣውም ከዳገትና ከቁልቁለት አያመልጥም። ያም ሆነ ይህ ጉዞው ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በአውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የሰሜኑ የታሪክ ጉብኝት መስመር ጥቂት ቀናት ብቻ ባሉት ጎብኚ ዘንድ ሊታሰብ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማረፊያው ያረፈበት ደጋማ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፍ የሚያገኘው ማንሻ ኃይልም ሆነ ሞተር የሚያመነጨው ጉልበት ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ፍጥነቱን ለማግኘትም የበለጠ መንደርደሪያ ይጠይቃል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ይብስ ይሳሳል። በመስመሩ ላይ ሲመላለስ የሚታየው ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው፣ እስከ 78 መንገደኛ የሚይዘው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ይስማማል፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በ1997 ዓ.ም. እዚሁ መንደርደሪያ ላይ ያረፈው እንግዳ አውሮፕላን ክንፍ ከ73 ሜትር ይበልጥ ነበርና።

እንግዳው አንቶኖቭ 124 ሲሆን፣ የጫነው ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት ነበር። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ የሆነው ይህ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ በምጽዋ ወደብ በኩል ከአገር የወጣ ነው። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን ቅርስ ለመመለስ ብትስማማም፣ ሐውልቱ ከሮም አደባባይ መነቀል የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላም ሦስቱ ቁራጮች በሮም አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በመጋዘን ተቀምጠው ከዓመት በላይ ጠበቁ። ምክንያቱ ፖለቲካ ብቻ አልነበረም። በሄደበት በምጽዋ በኩል እንዳይመለስ ከኤርትራ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና እንዳይጫን መንገዱና ድልድዩ ክብደቱን አይችልም፤ በአየር እንዳይመጣም የአክሱም መንደርደሪያ ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን አጭር ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው መንደርደሪያውን ማሻሻል ሲሆን፣ ሥራውም ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ ተሠራ።

የመጀመሪያው ቁራጭ፣ ወደ 60 ቶን የሚጠጋው የሐውልቱ መካከለኛ ክፍል፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ። ሌሎቹ በሚያዝያ 14 እና 17 ተከተሉ። አንቶኖቭ 124 አፍንጫውን ወደ ላይ ከፍቶ፣ የፊት እግሩን አጥፎ እንደሚንበረከክ ግመል ዝቅ ማለት ስለሚችል፣ ከባዱ ድንጋይ በክሬን ተንጠልጥሎ ሳይሆን በአፉ በኩል እየተንሸራተተ መውጣት ይችላል። በጭነት አውሮፕላን ብቻ ከቤቱ የደረሰ እንዲህ ያለ ሐውልት በሌላ ስፍራ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስላል። ሐውልቱ እንደገና ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

ይኸው መንደርደሪያ በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከጥቅም ውጭ ሆነ። አስፋልቱ በየቦታው ተቆፍሮ እንደነበር የሚያሳዩ ምስሎች ወጡ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ድርጊቱን የፈጸሙት የህወሓት ኃይሎች ናቸው ሲል አስታወቀ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የመቀሌ በረራ በታኅሣሥ ወር ሲቀጥልና የሽሬውም ብዙ ሳይቆይ ሲከተል፣ አክሱም ግን በጥገናው ምክንያት ወደ ኋላ ቀረች። አክሱም መድረስ የሚሻ ሰው ሽሬ ወይም መቀሌ ወርዶ የቀረውን በመኪና ይጨርስ ነበር። ሽሬ ቅርብ ናት፤ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም። ለቱሪስት አስጎብኚው፣ ለባለ ሆቴሉና የሐውልት ቅርጽ እየጠረበ ለሚሸጠው ወጣት ግን ወደ ሌላ ከተማ የሚያርፍ አውሮፕላን የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ማረፊያው ተጠግኖ መደበኛው በረራ የተመለሰው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ከሁሉ ይበልጥ መንገደኛ የሚጎርፍበት ወቅት ኅዳር 21 ቀን የሚከበረው የኅዳር ጽዮን በዓል ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን ነጠላ ያጣፉ ምእመናን በመንደርደሪያው ጠርዝ ከመሰላሉ ሲወርዱ፣ በስተ ምሥራቅ የዐድዋ ተራሮች ሹል ጫፎች ከፊታቸው ይታያሉ።