በቅርንጫፎች መካከል የሚሠራ የጋራ ፎልደር ምንድን ነው? አልከፈት ሲልስ ጥፋቱ የት ይፈለጋል?

የጋራ ፎልደር ማለት በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ሠራተኞች ሁሉ ከየኮምፒውተራቸው በኔትወርክ እየገቡ የሚያነቡበትና የሚጽፉበት የፋይል ማስቀመጫ ነው። ለተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ካለ ከማንኛውም ፎልደር አይለይበትም፤ ብዙውን ጊዜም ዜድ ወይም ኤክስ የሚል የድራይቭ ፊደል ተሰጥቶት ከሌሎቹ ድራይቮች ጎን ይቀመጣል። ይህ መመሳሰል ሥራን ያቀላል፤ ችግር ሲመጣ ግን ያሳስታል። ሰርቨሩ በዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛው ደግሞ ርቆ ባለ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ያ ፎልደር እንዲከፈት የሰርቨሩ ስም ወደ አድራሻ መተርጎም፣ መልእክቱ ኔትወርክን ከኔትወርክ በሚያገናኙ ሁለት ራውተሮችና በመካከላቸው ባለው የተመሰጠረ መስመር ማለፍ፣ የሚገባውን የሚፈቅደውና የሚከለክለው የሰርቨሩ ፋየርዎል መቀበል፣ የሠራተኛው ማንነት መረጋገጥ፣ በመጨረሻም ፈቃዱ መታየት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ቢሰናከልም ሁሉም ቢሰናከሉም ከቅርንጫፉ የሚደርሰው ስሞታ ያው አንድ ነው፦ «ፎልደሩ አልከፈት አለኝ»። ከማስተካከል በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ እንግዲህ «የከለከለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች መካከል ይህን የፋይል ልውውጥ የሚመራው ኤስኤምቢ የሚባለው ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ደንብ) ነው፤ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይም ሳምባ የተባለው ሶፍትዌር ይህንኑ ቋንቋ ይናገራል። ፕሮቶኮሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይቢኤም ውስጥ በባሪ ፋይገንባም የተጀመረ ሲሆን፣ ያኔ የታሰበው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላሉ ጥቂት ኮምፒውተሮች ነበር። ማይክሮሶፍት ሁለተኛውን ትውልድ በ2006 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ ሦስተኛውን በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር አውጥቶ ለረጅም ርቀት የሚመች አድርጎታል። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርንጫፎች መካከል የሚገጥሙን ችግሮች ብዙዎቹ ከዚያ ከጥንት አመሠራረቱ የሚወርዱ ናቸው፤ የስም ጉዳይ ከእነዚህ ዋነኛው ነው።

በአንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሰርቨሩን አድራሻ ባያውቅ እንኳ «እገሌ የሚባል ሰርቨር አለ ወይ?» ብሎ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይጣራል፤ የተጠራውም «አለሁ» ይላል። ይህ ጥሪ ራውተርን አይሻገርም። ስለዚህ በዋናው ቢሮ ያለ ማንም ዝግጅት ሲሠራ የኖረው ስም ቅርንጫፍ ሲደርስ ሰሚ ያጣል፤ በዚያ ስሙን የሚተረጉመው በአብዛኛው ዲኤንኤስ የሚባለው፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጥ ሰርቨር ነው። የቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች ደግሞ ለዲኤንኤስ የሚጠይቁት የኢንተርኔት አቅራቢውን ራውተር ከሆነ፣ ያ ራውተር የዓለምን ድረ ገጾች ሁሉ ቢያውቅም የድርጅቱን የውስጥ ሰርቨር አያውቅም። መለያው ቀላል ነው፦ በስሙ ፋንታ የአይፒ አድራሻውን (የቁጥር አድራሻውን) ጽፎ መሞከር። በአድራሻው ተከፍቶ በስሙ ካልተከፈተ መንገዱ ደኅና ነው፤ መታረም ያለበት ዲኤንኤሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በዶሜይን፣ ማለትም የድርጅቱ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች በአንድ ማዕከል በሚተዳደሩበት ሥርዓት ውስጥ፣ ፎልደርን በስም ሲከፍቱት ማንነትን የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ ሲሆን፣ በአድራሻ ሲከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤልኤም የተባለው አሮጌው ዘዴ ነው፤ ስለዚህ በአድራሻ መከፈቱ አልፎ አልፎ የማንነት ችግርን ሸፍኖ የስም ችግር ሊያስመስለው ይችላል። ሰርቨሩ «ኔትወርክ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አለመታየቱ ደግሞ ከነጭራሹ ማስረጃ አይሆንም፤ ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚሞላው በዚያው ሰፈር ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች ነው።

ስሙ ከተፈታ በኋላ የሚታየው መንገዱ ነው። ሁለት ቢሮዎች የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በቪፒኤን ነው፤ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ፣ ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል የተመሰጠረ መስመር። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው የተለመደ ስሕተት ሁለቱም ቢሮዎች 192.168.1 ብሎ የሚጀምረውን አንድ ዓይነት የአድራሻ ክልል መጠቀማቸው ነው። የቅርንጫፉ ኮምፒውተር የዋናውን ቢሮ ሰርቨር ሲፈልግ አድራሻው በራሱ ግቢ ያለ ስለሚመስለው ወደ ራውተሩ ጨርሶ አይልከውም። ከዚህ ሌላ፣ መንገድ ሲባል መሄጃም መመለሻም መሆኑ ይዘነጋል፤ ሰርቨሩ ነባሪ መውጫው ሌላ ራውተር ከሆነ ጥያቄው በሰላም ደርሶ መልሱ በሌላ በኩል ወጥቶ ይጠፋል።

መንገዱን ለመፈተን ሁሉም የሚሮጠው ወደ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ብሎ ልኮ መልስ ወደሚጠብቀው ትእዛዝ ነው። ፒንግ መልካም መሣሪያ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ራሱ ብቻ ነው። ፒንግ የማይመልስ ሰርቨር ፎልደሩን ሊያቀርብ ይችላል፤ ፒንግ የሚመልስ ሰርቨርም ፎልደሩን ሊከለክል ይችላል። ኤስኤምቢ ዛሬ የሚሠራው በ445ኛው የቲሲፒ ፖርት (ፖርት ማለት ለአንድ አገልግሎት የተመደበ፣ በቁጥር የሚታወቅ የሰርቨሩ በር ነው) ስለሆነ መፈተን ያለበት ይኸው ፖርት ነው፤ በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ ያለው የግንኙነት መፈተኛ ትእዛዝ አድራሻና የፖርት ቁጥር ተቀብሎ በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑን በአንድ መስመር ይናገራል። የአመላለሱ ሁኔታም ራሱ ይናገራል፦ ወዲያው «አይቻልም» የሚል መልስ ከመጣ ከወዲያ የሰማ አለ ማለት ነው፤ 20 ሰኮንድ ያህል ጠብቆ በዝምታ ካለቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን በመካከል የጣለ ፋየርዎል አለ።

በዚህ በር ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሥራ ቀኑን የሚያጠፋው እዚህ ነውና። አንድ ጊዜ የገጠመኝን ላንሣ። ሰርቨሩ ሌሊት ማሻሻያ ተጭኖለት ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ጠዋት በዋናው ቢሮ ያሉት ሁሉ ፎልደሩን እየከፈቱ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በቅርንጫፉ ያሉት ሁሉ ግን ተዘጋባቸው። ከዚህ የወጣው ግምት ፈጣንና የተሳሳተ ነበር፦ ዋናው ቢሮ ከሠራ ሰርቨሩ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቪፒኤኑን ስንበረብር ቆየን። በመጨረሻ የተገኘው ሰርቨሩ ውስጥ ነበር። ሰርቨሩ ሲነሣ የዶሜይን መቆጣጠሪያውን በጊዜ ስላላገኘው ያለበትን ኔትወርክ የዶሜይን ሳይሆን የግል ኔትወርክ አድርጎ መዝግቦታል። የዊንዶውስ ፋየርዎል ደግሞ ለፋይል መጋራት በነባሪነት ያለው ደንብ በሁለቱ አንድ አይደለም፤ በዶሜይን ኔትወርክ ላይ ከየትም የመጣ ጥያቄ ይቀበላል፤ በግል ኔትወርክ ላይ የሚቀበለው ከራሱ ንዑስ ኔትወርክ፣ ማለትም ከራሱ የአድራሻ ክልል የመጣውን ብቻ ነው። ዋናው ቢሮ የዚያው ንዑስ ኔትወርክ ጎረቤት ስለሆነ ገባ፤ ቅርንጫፉ ግን አድራሻው ሌላ ስለሆነ ባዕድ ተብሎ ተጣለ። መፍትሔው ኔትወርኩ በትክክለኛው መደብ እንዲታወቅ ማድረግ ነበር፤ ዶሜይን በሌለበት ቦታ ደግሞ በደንቡ ላይ የቅርንጫፉን የአድራሻ ክልል መጨመር ይበቃል። ፋየርዎሉን ከነአካቴው ማጥፋት ፎልደሩን ይከፍተዋል፤ ከፎልደሩ ጋር ሌላውንም ሁሉ።

በሩ ተከፍቶም ሌላ እንግዳ ነገር ሊታይ ይችላል። ፎልደሩ ይከፈታል፤ ጥቂት ፋይሎች ያሉበት ዝርዝር ይታያል፤ ብዙ ፋይሎች ያሉበት ዝርዝር ግን በመስኮቱ አናት ያለው አረንጓዴ መስመር እየሄደ ደርቆ ይቀራል። ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይነበባል፤ ትልቅ ሰንጠረዥ አይነበብም። ይህ በአብዛኛው የፓኬት (መረጃ ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) መጠን ጉዳይ ነው። በተለመደው የኢተርኔት ኔትወርክ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል፤ ቪፒኤኑ ግን በላዩ ላይ የራሱን መሸፈኛ ስለሚያለብስ በመስመሩ ውስጥ ለመረጃው የሚተርፈው ከዚያ ያንሳል። በመካከል ያለ ፋየርዎል «ይህ በዝቶብኛል፤ አሳንሰህ ላክ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ካገደው ላኪው ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፤ ትንንሾቹ ያልፋሉ፤ ትልልቆቹ ይጠፋሉ። ለማረጋገጥ ፒንግን እንዳይከፋፈል አዝዞ በ1472 ባይት መላክ ነው፤ ከ28 ባይቱ ራስጌ ጋር 1500 ይሞላል። ይህ ሳያልፍ፣ 1300 ሲደረግ የሚያልፍ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋገጠ፤ በቪፒኤን ራውተሮቹ ላይ የቲሲፒ ከፍተኛ የመረጃ መጠን ዝቅ ይደረጋል፤ ለአብዛኛው መስመር 1350 ገደማ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የማንነትና የፈቃድ ጉዳይ ከርቀት ጋር ያለው ግንኙነት ትንሽ ነው፤ ምልክቱም ግልጽ ነው። ዊንዶውስ የስሕተት ቁጥር ሲሰጥ ቁጥሩን ችላ ማለት አይገባም። 53 «መንገዱ አልተገኘም» ሲሆን ጥፋቱ በስም ወይም በበር ነው። 67 ሰርቨሩ ተገኝቶ በላዩ የተጠራው የፎልደር ስም አለመኖሩን ይጠቁማል። 1326 የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ስሕተት ነው፤ የይለፍ ቃሉን ትናንት ለለወጠ ሰው ደግሞ አሮጌው በኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ተቀምጦ እየተላከ ሊሆን ይችላል። 1219 ያው ሰው በሁለት የተለያዩ ስሞች ወደ አንድ ሰርቨር ለመግባት መሞከሩን ይናገራል። 5 «መግባት ተከልክሏል» ነው፤ ይህ ቁጥር ሲታይ ደስ ሊለን ይገባል፤ መንገዱም፣ በሩም፣ ማንነቱም አልፎ የቀረው ፈቃድ ብቻ ነውና። ፈቃዱ ሁለት ቦታ ይታያል፦ አንዱ በተጋራው ፎልደር ላይ፣ ሌላው በፋይል ሥርዓቱ ላይ፤ ከኔትወርክ ለሚመጣ ሰው የሚጸናው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው። ሠራተኛው ወደ አዲስ የተጠቃሚዎች ቡድን ከተጨመረም ወጥቶ እንደገና እስኪገባ ድረስ ኮምፒውተሩ የያዘው የማንነት ማስረጃ የትናንቱ ነው። በማንነት በኩል ርቀት የሚነካው አንድ ነገር ቢኖር ሰዓት ነው፦ ኬርቤሮስ በነባሪነት ከ5 ደቂቃ በላይ የሚራራቁ ሰዓቶችን አይቀበልም፤ የቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን ከዋናው ቢሮ ጋር የሚያስተካክሉበት መንገድ ሲቋረጥ አንድ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ሊታገዱ ይችላሉ።

ፎልደሩ ተከፍቶ ሲንቀራፈፍስ? እዚህ ላይ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት የኢንተርኔት መስመሩን ማስፋት ነው፤ ብዙ ጊዜም አይጠቅምም። አንድን ፋይል መክፈት፣ ማንበብና መዝጋት ቢያንስ ሦስት ምልልስ ይጠይቃል እንበል። በአንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ምልልስ ግማሽ ሚሊሰኮንድ ቢፈጅ፣ 1000 ትንንሽ ፋይሎች በአንድ ሰኮንድ ተኩል ያልቃሉ። በቅርንጫፉ መስመር ምልልሱ 80 ሚሊሰኮንድ ከሆነ እነዚያው ፋይሎች 4 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ መስመሩ እጥፍ ቢሰፋም የምልልሱ ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን ፋይሎች ጠቅልሎ በአንድ መላክ ወይም በርቀት ዴስክቶፕ ሥራውን ሰርቨሩ ካለበት ቦታ ማከናወን የተሻለ ውጤት ያመጣል። ሦስተኛው መንገድ በቅርንጫፉ ሌላ ሰርቨር አስቀምጦ ፋይሎቹን እያመሳሰሉ መያዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የማይክሮሶፍት ዲኤፍኤስ የማመሳሰያ አገልግሎት አንድ ፋይል በዋናው ቢሮ ተከፍቶ ሳለ በቅርንጫፉ እንዳይከፈት አይቆልፍም። ሁለት ሰዎች በሁለት ቦታ በአንድ ሰነድ ላይ ከሠሩ በመጨረሻ የተቀመጠው ይጸናል፤ የሌላኛው ድካም ማንም ወደማያየው የግጭት ማስቀመጫ ይገባል።

በችግር ሰዓት የሚወሰዱ ሁለት አቋራጮች ግን በምንም መንገድ አይገቡም። አንደኛው 445ኛውን ፖርት በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ነው። ሁለተኛው አንድ አሮጌ መሣሪያ እንዲሠራ ተብሎ የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ትውልድ እንደገና ማብራት ነው። በግንቦት 2017 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የዘለለው በዚሁ ትውልድ ክፍተት፣ በዚሁ ፖርት ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት ጀምሮ ይህን ትውልድ በአዲስ ጭነት ላይ በነባሪነት ማካተት አቁሟል። አሮጌው መሣሪያ ሌላ ትውልድ የማያውቅ ከሆነ መለወጥ ያለበት መሣሪያው ነው።

ከቅርንጫፍ ሆኖ ለአይቲ ክፍል የሚደውል ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ሊያግዝ ይችላል። «አልሠራም» ከማለት ይልቅ የወጣውን የስሕተት ቁጥር እንዳለ ቢያነብ፣ ከአጠገቡ ያለው ባልደረባ መክፈት መቻል አለመቻሉን ቢናገር፣ ሌላ ፎልደር ከዚያው ሰርቨር ሞክሮ ውጤቱን ቢጨምርና መልእክቱ ወዲያው ወጣ ወይስ ከቆይታ በኋላ የሚለውን ቢያስታውስ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ባለሙያ ገና ስልኩን ሳይዘጋ ከስም፣ ከመንገድ፣ ከበርና ከፈቃድ የትኛውን ቀድሞ እንደሚያይ ያውቃል።